ቀለሙ ይቅደም፣ መጋረጃው ይቆይ፤ ሐዋሳ ውስጥ ከውሻና ከድመት ጋር አዲስ ቤት ለምትገቡ

ከ3 ዓመት በፊት ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ወደ ታቦር ክፍለ ከተማ ስንዘዋወር ያሳሰበኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ቤቱ ማማር አለበት። በመጀመሪያው ቀን መጋረጃ ሰቀልን። በሁለተኛው ቀን ቀለም ቀቢ ገባ። በሦስተኛው ቀን ድመታችን ውሮ ጠፋች። ሠራተኛው ሲገባ ሲወጣ በሩ ክፍት ነበርና። 11 ቀን ፈለግናት። በመጨረሻ የድሮ ጎረቤታችን ደወለችልን። ውሮ እዚያው የድሮው ቤት ጣሪያ ላይ ተቀምጣ ነበር። ክስት ብላ፣ አንድ እግሯን እያነከሰች።

ዘንድሮ ደግሞ ወደ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ገባን። ውሮ አለች፣ ውሻችን መቻልም አለ። በዚህኛው ዙር ቅደም ተከተሉን ቀየርኩት። ቀለም ከመግባታችን በፊት አለቀ። መጋረጃው፣ ምንጣፉና የግድግዳ ጌጡ ግን ከ3 ሳምንት በኋላ ነው የመጣው። በመሃል ያለው ጊዜ የእንስሶቹ ነበር። ማንም አልጠፋም፣ ማንም አልታመመም። ቤቱም ካሰብኩት በላይ አምሮልኛል። እንዴት እንዳደረግነው በየደረጃው ልንገራችሁ።

1. ውል ከመፈረማችሁ በፊት

ውሻና ድመት እንዳላችሁ ለአከራዩ በግልጽ ንገሩ። ለደላላው መንገር በቂ አይደለም። ደላላ "ችግር የለውም" ማለት ይቀናዋል። አከራይዋ ግን ቁልፍ ስታስረክባችሁ ውሻውን አይታ ፊቷ ሊቀየር ይችላል። ከተስማማችሁ ውሉ ላይ አንድ መስመር አስገቡ፦ "ተከራይ 1 ውሻና 1 ድመት ይዞ ይገባል።" የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016፣ ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች፣ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲቆይ ያዛል። እናንተ ያላችሁበት ከተማ ቢገባበትም ባይገባበትም ወረቀት ይኑራችሁ። ቀለም መቀባትና ግድግዳ መብሳት የተፈቀደላችሁ መሆኑንም እዚያው ጻፉ።

ከዚያ አጥሩን ዙሩት። የላሜራው በር ከታች ስንት ጣት ክፍተት አለው? የውሻው ጭንቅላት ከገባ ገላውም ይገባል። ክፍተቱን በብሎኬት ወይም በሲሚንቶ መድፈን የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ግቢው ውስጥ የበቀለውንም ተመልከቱ። እኛ ጋ አጥሩ ቅንጭብ ነበር። ሲሰበር የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል፤ የሰውንም፣ የእንስሳንም። በሩ አጠገብ ደግሞ ጉሎ በቅሎ አገኘሁ። የጉሎ ፍሬ ለውሻ መርዝ ነው። ነቅለን አስወገድነው። አስተናግርም ካለ ያው ነው። ለጌጥ ሊሊ ተክሎ የሄደ ተከራይ ካለና እናንተ ድመት ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡት። ቅጠሉም፣ አበባውም፣ ብናኙም የድመትን ኩላሊት ያቆማል። ድመቷ አበባውን ባትበላው እንኳ ብናኙን ከጸጉሯ ላይ ስትልስ ይበቃታል።

2. ባዶውን ቤት በነጭ ካልሲ ፈትሹት

ይህን ዘዴ ለሁሉም እናገራለሁ። ከእናንተ በፊት የነበሩት ሰዎች ውሻ ከነበራቸው ቁንጫው ተረፍ ብሎ ሊጠብቃችሁ ይችላል። የቁንጫ ሙሽሬ በሽፋኑ ውስጥ ሆኖ ባዶ ቤት ውስጥ ለወራት መቆየት ይችላል። የእግር ንዝረትና የገላ ሙቀት ሲሰማው ነው የሚፈለፈለው። ስለዚህ ረጅም ነጭ ካልሲ አድርጋችሁ በየክፍሉ ለ10 ደቂቃ ያህል ተዘዋወሩ። ጥቁር ነጠብጣብ ሲዘል ካያችሁ ቁንጫ ነው።

ካገኛችሁ ወለሉን በደንብ ጥረጉ። የሲሚንቶውን ስንጥቅና የዞኮሎውን ጥግ በሳሙናና በፈላ ውሃ እጠቡ። ከሳምንት በኋላ ድገሙት፤ አንዴ ብቻ አይበቃም። አደራ የምላችሁ ግን ለእርሻ የሚሸጥ ማላታይን ቤት ውስጥ አትርጩ። ለውሻ ተብሎ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒትም ድመት ላይ አታድርጉ። ብዙዎቹ ፐርሜትሪን አለባቸው። ውሻ ይችለዋል፣ ድመትን ግን ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል። ፍሊት ከነፋችሁ ደግሞ ቤቱ ሙሉ ለሙሉ ሳይናፈስ እንስሳ አታስገቡ።

3. ቀለም፤ እንስሶቹ ከመግባታቸው በፊት

ቀለምን ያስቀደምኩት ለሽታው ብቻ አይደለም። ድመት የነካትን ሁሉ ትልሳለች። እርጥብ ግድግዳ ነክታ መዳፏን ከላሰች ቀለሙ ሆዷ ገባ ማለት ነው። ውሻ ደግሞ ሲያልፍ ሲያገድም ጎኑን ግድግዳ ላይ ያሻል።

ግድግዳው አዲስ ልስን ከሆነ ቢያንስ 4 ሳምንት ይድረቅ። አሮጌ ከሆነ ስንጥቁን በስቱኮ ሙሉና ብርጭቆ ወረቀት ምቱት። አሮጌ ዘይት ቀለም የምትፍቁ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል። ዛሬ በሀገራችን ያለው ደንብ ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ያዛል። ድሮ የተቀባው ግድግዳ ግን ይህን አያውቅም። እያረጠባችሁ ፈግፍጉ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ አንሱ። ልጅም ውሻም አጠገባችሁ አይኑር።

ለላይኛው ግድግዳ የውሃ ቀለም ምረጡ። ሽታው ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። ሁለተኛውን እጅ 4 ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ትቀቡታላችሁ። ሐይቁ አጠገብ ከሆናችሁ ወይም ክረምት ከሆነ አየሩ እርጥብ ነውና እጥፍ ጊዜ ስጡት። እኛ ሐምሌ ላይ ቀብተን በማግሥቱ ጠዋት እንኳ ጣት ያጣብቅ ነበር።

ለታችኛው ክፍል ግን ሌላ ሐሳብ አለኝ። ውሻ ያለበት ቤት ግድግዳ የሚቆሽሸው በውሻው ትከሻ ቁመት ነው። ከጸጉሩ የሚወጣው ቅባት በአንድ መስመር ጥቁር ምልክት ይተዋል። መቻል ትከሻው ድረስ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከወለሉ እስከ 1 ሜትር ድረስ በእርጥብ ጨርቅ የሚታጠብ ዘይት ቀለም አስቀባሁ። የድሮ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች እንዲህ ይቀቡ ነበር፤ በምክንያት ነው። ከታች ቡና በወተት ዓይነት፣ ከላይ ደግሞ ፈካ ያለ ክሬም አደረግን። ንጹህ ነጭ አልመክራችሁም። የሐዋሳ አቧራ ቀላል ነውና በየመስኮቱ ይገባል።

ዘይት ቀለም ለመድረቅ አንድ ቀን ይፈልጋል። ሽታው ግን ለቀናት ይቆያል። መስኮት ከፍታችሁ እንስሶቹን ቢያንስ ለ1 ሳምንት አቆዩአቸው። አፍንጫቸው ከእኛ በጣም ስለሚበልጥ "አሁንማ አይሸትም" ስትሉም ለ2 ቀን ያህል ጨምሩ። ድንገት ቀለም ጸጉራቸው ላይ ከነካ በአኳራጅ (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) አታጽዱ። ቆዳቸውን ያቃጥላል፣ ሲልሱትም ይመርዛቸዋል። የውሃ ቀለም ከሆነ በሳሙናና ውሃ ይለቃል። ዘይት ቀለም ከሆነ በምግብ ዘይት አለስልሱት፣ ወይም ጸጉሩን ቆርጣችሁ ጣሉት።

4. የዕቃው ቀን

በዚህ ቀን ውሻ ከመኪናው አጠገብ መኖር የለበትም። አይሱዙ ሲጫን፣ ጫኝና አውራጅ ሲጮህ፣ በሩ ተከፍቶ ሲውል ማንኛውም ውሻ ይረበሻል። መቻልን ጠዋት ወንድሜ ቤት አደረስነው፤ ማታ ዕቃው ሁሉ ከገባ በኋላ መጣ። ለድመቷ ደግሞ ዘንቢል ውስጥ የራሷን አሮጌ ጨርቅ አነጠፍኩ። አፉን በነጠላ ጋርጄ ዙሪያውን ሰፋሁት። ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዣት መጣሁ። ካርቶንም ይሆናል፤ ብቻ በጥሩ ሁኔታ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ይኑረው፣ ታቹም በገመድ ይታሰር።

አንድ ነገር እንዳትረሱ። ጨርቃቸውን፣ ምንጣፋቸውን፣ የውሻውን መኝታ አትጠቡ። ቆሻሻ ይመስላል፤ ለእነሱ ግን የድሮ ቤታቸው እሱ ነው። የሰፈሩን ሽታ ይዞላቸው ይመጣል። ከገባችሁ ከ1 ወር በኋላ ታጥቡታላችሁ።

ደግሞም ከተቻለ እንቁጣጣሽና መስቀል ሰሞን አትዘዋወሩ። የርችት ድምፅ አዲስ ሰፈር የገባ ውሻን አጥር ያዘልላል።

5. ለድመቷ አንድ ክፍል ብቻ

ድመት ቤት አትወድም፤ የምታውቀውን ቦታ ነው የምትወደው። ሙሉ ቤት በአንድ ጊዜ ከከፈታችሁላት ከሶፋ ስር ገብታ ለ3 ቀን አትወጣም። ወይም በመስኮት ትወጣለች። ስለዚህ አንድ ትንሽ ክፍል ስጧት። እኔ የመኝታ ክፍሉን መረጥኩ። በአንድ ጥግ ምግብና ውሃ፣ በሌላው ጥግ የመጸዳጃ ሳፋዋን አደረግኩ። ሁለቱ አይቀራረቡ። አጠገብ ለአጠገብ ካደረጋችሁት ሳፋውን ትታ ሌላ ቦታ ትጸዳዳለች።

ሳፋው ውስጥ ከእንጨት ቤት የተገኘ ሰጋቱራ ወይም የግንባታ አሸዋ ይሁን። ሰጋቱራው ቀለም ወይም የምስጥ መድኃኒት ካልነካው እንጨት መሆኑን ጠይቁ። ከድሮው ሳፋ አንድ እፍኝ ያህል ይዛችሁ መጥታችሁ አዲሱ ላይ ጨምሩበት። ወዲያው ይገባታል። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ሳፋውን ሌላ ሰው ያጽዳው፤ በየቀኑም ይጸዳ።

ከ5 እስከ 7 ቀን በዚያ ክፍል ትቆይ። ዓይኗ ሲረጋጋ፣ በደንብ ስትበላ፣ ጭራዋን አቁማ ወደ በሩ ስትመጣ ሌላውን ክፍል ክፈቱላት፤ በቀን አንድ ክፍል ብቻ። የመስኮቱን ወንፊት ተመልከቱ። ለወባ ትንኝ የሚወጠረው የፕላስቲክ ወንፊት በጥፍር ይቀደዳል። የብረት ሽቦ ወንፊት ይሻላል። ሐይቁ ዳር ከሆናችሁ ለጦጣም ይጠቅማችኋል። እኛ ጋ ጠዋት ጠዋት ጣሪያ ላይ እየሮጡ ይመጣሉ። መስኮት ክፍት ካገኙ ወጥ ቤት ይገባሉ፣ ከውሻም ጋር ይናከሳሉ።

6. መቻልና ግቢው፣ ጎረቤትም

ውሻውን ቤት እንደደረሰ አትፍቱት። በገመድ ይዛችሁ አጥሩን በቀስታ ሁለት ጊዜ አዙሩት፤ ያሽትት። ውሃው የት እንዳለ፣ የሚተኛው የት እንደሆነ አሳዩት። በመጀመሪያው ቀን ብዙም ባይበላ አትደንግጡ። ከ2 ቀን በላይ ምንም ካልበላ ወይም ውሃ ካልጠጣ ግን ሐኪም ጥሩ።

የውሻ ቤቱን ከቆርቆሮ ብቻ አታሠሩ። የሐዋሳ ቀትር ቆርቆሮን ምጣድ ያደርገዋል። እንጨት ይሁን፣ ጣሪያው ላይ ሣር ወይም አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ይደረግበት። በ4 ብሎኬት ላይ ከፍ ይበል፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ከስር ያልፋል። በሩ የግቢውን በር እንዲያይ አድርጉት። ውሻ ማን እንደመጣ ካላየ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። ማሰር ካለባችሁ አጭር ሰንሰለት አይሁን። በሁለት እንጨት መሃል ሽቦ ወጥራችሁ ሰንሰለቱ በላዩ እንዲንሸራተት ካደረጋችሁ ወዲያ ወዲህ ይላል።

አሁን ወደ ጎረቤት። በእኛ ሀገር ውሻን የሚፈራ ብዙ ነው። ቤት ውስጥ ውሻ መግባቱን የማይወዱም አሉ፣ በሃይማኖታቸው ምክንያት ጭምር። ይህን አከብራለሁ። በገባን በ5ኛው ቀን ጎረቤቶቼን ቡና ጠራሁ። ቆሎ ቆላሁ፣ ቄጠማ ጎዘጎዝኩ። መቻል በረንዳው ላይ ባለቤቴ እጅ ታስሮ ነበር። የፈለገ ሰው ቀርቦ እጁን እንዲያሸተው አደረገ። ያልፈለገ አልተገደደም። ሙስሊም ጎረቤታችን በተቀመጡበት በኩል እንዳያልፍ አደረግን፤ ምራቁ የሚሰግዱበትን ልብስ እንዳይነካ። ለልጆቹ ሦስት ነገር ነገርኳቸው። ፊት ለፊቱ አትሩጡ፣ ሲበላ አትቅረቡ፣ ድንጋይ አታንሱ።

ቀጥሎ ያለው ግቢ ያሉት እማማ የመጀመሪያውን ሲኒ ከበር ላይ ቆመው ነው የጠጡት። በሦስተኛው ሳምንት በአጥሩ ላይ አጥንት ይዘው መጡ። "ለዚያ ልጅሽ ስጪልኝ" አሉኝ። አጥንቱ የተቀቀለ ዶሮ ስለነበር አልሰጠሁትም፤ ሲሰበር ይሰነጠቃል፣ አንጀት ይወጋል። እማማን ግን በጣም አመሰገንኩ። ስለ ጥሬ የበሬ አጥንትም ነገርኳቸው፤ አሁን እሱን ነው የሚያመጡት።

ቡናው ካለቀ በኋላ አተላውን ውሻ የሚደርስበት አትድፉት። ለአበባ ማዳበሪያ ብለው ሥሩ ላይ የሚያደርጉ አሉ። ካፌይኑ ለውሻ መርዝ ነው። ድመቷ ቄጠማ በልታ ብታስመልስ ግን የተለመደ ነው።

7. ክትባት፣ ምግብም

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ በየዓመቱ ይደገማል። ለድመትም ጭምር። አዲስ ሰፈር ማለት አዲስ የጎዳና ውሾች ማለት ነውና ሳትዘዋወሩ አስከትቡ፤ ካርዱንም አስቀምጡ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና በሚያስተምርበት ከተማ ውስጥ ነን፣ ሐኪም አይጠፋም። ማንም ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጥቡና ያኔውኑ ጤና ተቋም ሂዱ። "ትንሽ ጭረት ነው" አትበሉ።

ምግብ ላይ አንድ ልማዳችን ያሳዝነኛል። የተረፈ ወጥ በእንጀራ ፈትፍተን ለውሻ እንሰጣለን። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻንም የድመትንም ደም ይጎዳል። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ለእነሱ ለብቻ ሩዝና ሥጋ ያለ ቅመም ቀቅሉ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ለሚሄድ ሰው ከቆሮሶ ዓሣ የሚተርፈው ጭንቅላት ጥሩ ነገር ነው። ግን ቀቅሉት፣ እሾሁን በእጅ ልቀሙት፣ መንጠቆ አለመቅረቱንም እዩ።

8. አሁን ማስዋብ

3 ሳምንት አልፏል። ውሮ የምሥራቁን መስኮት መርጣለች፤ ጠዋት ፀሐይ የሚመታው እሱ ነው። መቻል ከበረንዳው ወደ ወጥ ቤት የሚያልፍበት መንገድ ታውቋል። ይህን ሳታዩ ሶፋ ብታስቀምጡ ሶፋው ከመንገዳቸው መሃል ይቆማል።

መስኮቱ ላይ ረጅም መጋረጃ ልሰቅል ነበር ያሰብኩት። ተውኩትና ከመስኮቱ ደፍ ላይ የሚያልቅ አጭር የጥበብ መጋረጃ አሰፋሁ። ዘርፉን አስወገድኩት፤ ድመት ዘርፍ ካየች አትተወውም፣ ክር ከዋጠች ደግሞ አንጀቷን ይቋጥራል። የመጋረጃውን ዘንግ ግድግዳውን በድሪል በስታችሁ በፊሸር አጥብቁት። አንድ ቀን መንጠልጠሏ አይቀርም።

ለጥፍሯ መቧጨሪያ ሥሩላት። 80 ሴንቲ ሜትር የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ሰፊ የእንጨት መቆሚያ፣ ግንዱን ሙሉ ለሙሉ የሚሸፍን የቃጫ ገመድ ያስፈልጋችኋል። ገመዱን በኮላ እያጣበቃችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙት፤ ጫፍና ጫፉን በምስማር ምቱት። ሲቆም የማይነቃነቅ መሆን አለበት። የሚነቃነቅ ከሆነ ወደ ሶፋው ትመለሳለች። ሶፋው አጠገብ አቁሙት እንጂ ጓሮ አትደብቁት።

መሶብና ሰፌድ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ደስ ይላል። ከ1 ሜትር ከ50 በላይ ይሁን፤ አጠገቡም ድመት የምትወጣበት ቁምሳጥን አይኑር። የቀርከሃ ወንበር ደግሞ ለእንዲህ ያለ ቤት ምቹ ነው። ጸጉር አይይዝም፣ ለሐዋሳ ሙቀትም ይስማማል። ምንጣፍ ከፈለጋችሁ ሊታጠብ የሚችል ትንንሽ ግዙ፣ አንድ ትልቅ አትግዙ።

9. የድመቷ የመጀመሪያ መውጫ

ይህ ከ3 ሳምንት በፊት አይሆንም፤ 4 ቢሆን ይመረጣል። ምሽት 11 ሰዓት ገደማ ምረጡ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ። በዚያ ቀን ምሳዋን ቀንሱ፣ ትራብ። ስልክ ቁጥራችሁ የተጻፈበት ቀላል ቀበቶ አንገቷ ላይ ይሁን። ውሻውን ቤት ውስጥ ዝጉት። የበረንዳውን በር ክፈቱና ከኋላዋ ተቀመጡ። አታንሷት፣ አትግፏት። ውሮ መጀመሪያ ቀን ከደጃፉ አንድ እርምጃ ነው የወጣችው። ከ10 ደቂቃ በኋላ የምግብ ሳህኗን በማንኪያ መታሁ፤ ተመለሰች። በማግሥቱ እስከ ቧንቧው ሄደች። እንዲህ በየቀኑ 5 ደቂቃ እየጨመራችሁ ለ1 ሳምንት ቀጥሉ፤ ሁልጊዜም ከእራት በፊት።